የፈላ ውሃና የአጎት ቃል

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጠመኔ አለቀ። የተረፈችውን ስባሪ በጥፍሬ ቆንጥጬ ነው የጻፍኩት። ዛሬ ኢንዛይም ጀመርን። የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ ኢንዛይም ስድስት ወገን ናት ይላል። መጽሐፉ አርጅቷል፣ ሰባተኛው ከተጨመረ ቆየ። ሸምድዱ ብላቸው ነገ ይረሱታል… ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ያዙ አልኳቸው። ኢንዛይምን በመልኳ አትጥሯት፣ በመኖሪያዋም አትጥሯት። በሥራዋ ጥሯት። ከዚያ እያንዳንዷን በሠፈራችን ሰው መስሉልኝ አልኩ።

ከዚህ በኋላ ክፍሉን ማን ይያዘው! ከአንዱ ወስዳ ለሌላው የምታሳልፈዋ ወዲያው ማማ ቤያ ሆነች፤ የሠፈሩን ወሬ የምታደርሰው እሷ ናት። ልጇ ምቤምባ ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፋ፣ ግን እሱም ሳቀ። አሻጋሪዋ ታንኳ ቀዛፊው። ቅርጽ ለዋጯ ልብስ ሰፊያችን፣ ሱሪ ወስደህለት ቀሚስ የሚመልስልህ። ሁለት ነገር የምታጣምረዋ ደግሞ ጉልበት ካልተሰጣት አትሠራም ስላቸው፣ የእህቴ ልጅ ንሶና እጇን እንኳ ሳታወጣ «ታታ ካፔንዳ ናቸዋ! የዘንባባ ጠጅ ካልቀረበላቸው ሽምግልና አይሄዱም» አለች። የጎሳችን ሽማግሌ ናቸው፣ መቆጣት ነበረብኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

በውሃ እየታገዘች የምትቆርጠዋን ግን ማንም ሰው አላገኘላትም። ክፍት ትቆይ አልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

የጭነት መኪናው መጣ። መንገዱ ከተጠገነ ወዲህ በየሐሙሱ ነው። የደረቀ ካሳቫ ጭኖ ኪንሻሳ ይሄዳል። ሾፌሩ ዲዲዬ አይቀምስም፣ አያሸትም። ነጭ ይሁን እንጂ ሌላው አያገባኝም ባይ ነው።

ሴቶቹ ለሐሙስ ደርቆ እንዲደርስላቸው የካሳቫውን ሥር ከሚዘፈዘፍበት ኩሬ ቶሎ ያወጡታል። ድሮ ሦስት ሌሊት ይዘፈዘፍ ነበር፣ እስኪለሰልስ፣ እስኪሸት። አሁን አንድ ሌሊት። ባቄላውም፣ የደረቀው ዓሣም፣ የምንበላው አባጨጓሬም መኪና ላይ ይወጣል። እኛ ዘንድ የሚቀረው ካሳቫና የካሳቫ ቅጠል ነው።

ማታ እንደ ልማዴ ታላቅ እህቴ ያ ሉዬዬ ቤት በላሁ («ያ» ለታላቅ የምንለው ነው)። ገንፎው መራራ ነው ብላት፣ የበጋ ካሳቫ መቼ ጣፍጦ ያውቃል፣ ኪክዊት ተምረህ መጥተህ ከተሜ ሆንክብን አለችኝ። ሳቅን። ንሶና ግን ራሴን አዞረኝ ብላ ሳህኑን ሳታጥብ ተኛች።

መኝታዬ ላይ ሆኜም አፌ መራራ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እዚህ ብቻ ልጻፈው። ኮንዞ።

ስሙ ራሱ እግር መታሰር ማለት ነው። በልጅነቴ፣ ያ ድርቅ የነበረበት በጋ… አብሮኝ ኳስ ይጫወት የነበረ ልጅ ማታ ደህና አድሮ ጠዋት መነሳት አቃተው። ትኩሳት የለው፣ ሕመም የለው። ጉልበቱ ለጉልበቱ ተጠላልፎ ቀረ። እስኪሞት በእግሩ ጣቶች እየተንፏቀቀ ነበር የሚሄደው። ያን ዓመትም ካሳቫው መራራ ነበር፣ ሰውም ሌላ የሚበላው አልነበረውም።

ታዲያ ለምን አልናገርም? የእናት ወንድም ስለሆንኩ ነው። በኛ ዘንድ አባት ቢቆጣ ቁጣ ነው፣ ያልፋል። የእናት ወንድም «እንዲህ ትሆኛለሽ» ካለ ግን ይሆናል። ተናጋሪው ራሱ ቃሉን ካላነሳ አይነሳም። አምናለሁ? ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አላምንም። ያ ሉዬዬ ግን ታምናለች። ንሶናም ታምናለች።

ዛሬ ሞከርኩ። እህቴ ሥር ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ያ ሉዬዬ፣ ይሄ ነገር በደንብ ሳይዘፈዘፍ ከተበላ የልጆቹ እግር…» ብዬ ሳልጨርስ መዳፏን አፌ ላይ ከደነችው። እጇ ካሳቫ ካሳቫ ይሸታል።

«የልጄን እግር ሁለተኛ በአፍህ እንዳታነሳ» አለችኝ። «ሌላ ወንድም የለኝም።»

ቀልድ አልነበረም። ሥሩን አንስታ መላጧን ቀጠለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

መላ አገኘሁ። ለእህቴ ልጅ መናገር ካልቻልኩ ለክፍል እናገራለሁ። የማንንም እግር ሳላነሳ፣ ስለ ካሳቫ ብቻ።

አንድ ሥር ይዤ ገባሁ። ሰንጥቄ አሳየኋቸው። መርዙ ከስኳር ጋር ተጣብቆ አንድ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፣ ኢንዛይሟ ጎረቤት ጓዳ አለች። ግድግዳ ይለያቸዋል። ሥሩ ሲላጥ፣ ውሃ ውስጥ ሲለሰልስ ግድግዳው ፈርሶ ይገናኛሉ። ያኔ ያቺ ሰው ያጣንላት፣ በውሃ የምትቆርጠዋ፣ ስኳሩን ቆርጣ ትጥላለች። ሌላዋ ኢንዛይም፣ ያለ ውሃ የምትገነጥለዋ፣ ተከትላ የቀረውን ትገነጥላለች። መርዙ ነፃ ይወጣል አልኩ።

ምቤምባ ከኋላ ብድግ አለ። «እንግዲያ ስሟ ተገኘ፣ መምህር። ገዳይ!»

ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም፣ ሞኝ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ገዳይ። ቆይ፣ ቀጥሎ ነው ቁም ነገሩ ልል ነበር። ኩሬ ውስጥ ስትቆርጠው መርዙ በውሃና በአየር ይሄዳል፣ በእሷ ነው የምንተርፈው ልል ነበር። ስለ አሳላፊዋም… ሰውነታችን ውስጥ ያለችው፣ ከዓሣና ከባቄላ ያገኘችውን ድኝ ለመርዙ አሳልፋ በሽንት የምታስወጣልን። ሳልደርስበት ንሶና ጠየቀች። ባለፈው እንቁላል ሲቀቀል እንደሚረጋው ኢንዛይምም በሙቀት ትበላሻለች ብለውን ነበር፣ ገዳይዋስ በፈላ ውሃ ትሞታለች ወይ አለች።

«ትሞታለች» አልኳት። «ጎበዝ!»

ደስ አለኝ። ከሁሉም ቀድማ አገናኘችው። ወዲያው ርዕሰ መምህሩ በበሩ ብቅ አለና የሱፐርቫይዘር ጉዳይ አለ፣ ቶሎ ና አለኝ። የቀረውን ማክሰኞ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ትናንት ለፈተና መከለስ ጀምሩ ተባልን። የኢንዛይሙ ቀሪ እንዳለ ቀረ።

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በየጓሮው እሳት ይነዳል። ድስት ሁሉ ተጥዷል፣ ለድግስ የሚወጣው ሳይቀር። የዘንባባ ዘይት የሚያወጡ መሰለኝ… ወቅቱ ግን አይደለም። ሲመሽ በኩሬው በኩል መጣሁ። ያ የታወቀው ሽታ የለም። ልጅ ሆነን አፍንጫችንን ይዘን የምናልፍበት ሽታ። ውሃው ጥርት ብሏል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር? አላለኝም።

ያ ሉዬዬ ዛሬ ደስተኛ ናት። ይቺ ተማሪህ ከአንተ ትበልጣለች አለችኝ። ምን አደረገች ብል ንሶና በሳቅ ተንፈቀፈቀች። «ፈተናውን ስታልፍ ነው የምነግርህ፣ አጎቴ።» ቤት ውስጥ አጎቴ ነኝ። ክፍል ውስጥ መምህር። አታምታታም።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ምቤምባ።

ትናንት ማዶ መንደር ድረስ ሄዶ ኳስ ተጫውቶ በእግሩ ተመልሷል። ጠዋት እናቱ ማማ ቤያ ለቤተ ክርስቲያን ልትቀሰቅሰው ብትገባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያየዋል። ተነስ ስትለው እየሞከርኩ ነው አላት።

ሄጄ አየሁት። ሁለቱም እግር። ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ተጣብቀዋል። ስነካው አያመውም። «መምህር፣ ነገ ይለቀኛል አይደል? ፈተና አለ» አለኝ። ምን እላለሁ? እግሩን አሻሸሁለት። የጤና ጣቢያችን ነርስ ፊሎሜን ከጎኔ ጉልበቱን ትፈትሽ ነበር። በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ማንም አልጠራውም።

ማማ ቤያ ብቻ፣ ዘወትር አፏ የማያርፈው ማማ ቤያ፣ ግድግዳውን ተደግፋ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አወቅሁት። ምነው ባላወቅሁት።

ያ ሉዬዬ ጓሮ በቀን ገባሁ። ድስቱ ይንተከተካል። እህቴ የተላጠውን ሥር በቅርጫት ደርድራ የፈላ ውሃ ታወርድበታለች። ከዚያ ኩሬ ወስዳ አንድ ሌሊት ብቻ ታሳድረዋለች። ምንድን ነው ይሄ ብላት በኩራት ነው የመለሰችልኝ።

«የአንተ ትምህርት ነዋ! ገዳይዋን በፈላ ውሃ እንገድላታለን። ከሞተች መርዙን ማን ይለቀዋል? ሦስት ሌሊት አልሞላም ብሎ መስጋት ቀረ።»

ንሶና ከድስቱ ጀርባ ቆማ ሙገሳ ትጠብቃለች። ፊቷ በላብ ወዝቶ።

ቁጭ አልኩ። መሬት ላይ። ቆራጯ ስትሞት መርዙ አይሞትም። ከስኳሩ ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል፣ በገንፎው ሆድ ይገባል፣ እዚያ ያሉት ጀርሞች ይቆርጡታል። ልታወጣልን የምትችለውን አንዷን ገድለን መርዙን በደህና ወደ ሆዳችን አደረስነው። እኔ ነኝ ገዳይ ብዬ የጻፍኩት። እኔ ነኝ ትሞታለች ያልኩት!

ንሶናን ለብቻዋ ይዤ ያቋረጥኩትን ትምህርት እዚያው ጓሮ ጨረስኩላት። ስለ ካሳቫው ብቻ። ስለ እግር አላነሳሁም። ግማሽ እንኳ ሳልደርስ ገባት። እንዲህ ቶሎ የሚገባት ልጅ ባትሆን ምናለ! ሳቋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

«ለምቤምባ እናት የነገርኳት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ማማ ቤያ ካወቀች ሠፈሩ ሁሉ አውቋል ማለት ነው።

እህቴን ይሄን ድፊው፣ ሦስት ሌሊት መልሺው ብላት ለምን አለች። ለምን እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እጇን ስታነሳ አየሁና ዘጋሁት። «ሐሙስ መኪና አለ» አለች። «ይሄን ሳምንት ብቻ ልላክ።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ታታ ካፔንዳ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቃላቸው እንደኔ አያስፈራም። እርስዎ ይናገሩልኝ አልኳቸው። በጎው ልማድ ይመለስ፣ ሦስት ሌሊት ይደር፣ አለዚያ ሌሎችም ይወድቃሉ።

ጠጁን አስቀመጡ። 

«ሌሎችም እንደሚወድቁ በምን አወቅህ?»

በትምህርት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ የምቤምባ እናት ከጎሳችን ናት። አንተ ለእሱም አጎት ነህ። አጎት ሆኖ የልጅ መውደቅ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው… እኔ ልሰማህ እችላለሁ። ሌላ ሰው እንዳይሰማህ።»

ስመለስ መኪናው እየተጫነ ነበር። እስከ አፍ ጢሙ። ዲዲዬ እጁን አውለበለበልኝ።

ንሶና ከማክሰኞ ጀምሮ ገንፎ እምቢ አለች። እናቷ ሌላ የለኝም ብላ አስበላቻት።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ንሶና ከወንዝ ውሃ ስትቀዳ እግሬ ዛለ አለች። ድካም ነው አልኳት። ድካም ይሁን። እባክህ አምላኬ፣ ድካም ይሁን።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ድካም አይደለም።

ጠዋት የእህቴን ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ንሶና ከምንጣፉ ተነስታ ሁለት እርምጃ ሄዳ በሩ ላይ ወድቃለች። አነሳኋት። እግሮቿ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ አንዱ በአንዱ ላይ ሄደ። አንገቴን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ እናቷ እንዳትሰማ፣ «አጎቴ፣ አሳላፊዋ ድኝ አጣች ማለት ነው?» አለችኝ።

አለቀስኩ። ልጅ የለኝም። እሷ ናት ልጄ።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ነርስ ፊሎሜን ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ነገረችን። አይብስም። አይመለስምም። በበትር መሄድ ትችል ይሆናል፣ እናለማምዳታለን። ዓሣ፣ ባቄላ፣ እንቁላል አብሏት። ያ ሉዬዬ የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው፣ አይብስም። ተደፍታ የፊሎሜንን እጅ ሳመች።

ምሽት ላይ የሰማሁት ግን ከዚህ ይብሳል። በጸሎት ቤቱ በኩል ወሬ ተነስቷል። የፈላ ውሃውን ማን አመጣው? ንሶና። ለምቤምባ ቤት ማን ነገረ? ንሶና። ፓስተሩ በስብከቱ መሐል «ውሃ አፍልታ የሰው እግር ቀቀለች» ብሏል አሉ። ራሷ መውደቋስ ሲባል፣ ያደረገችው ነው የዞረባት ይላሉ። ጸሎት ቤት አስገብተው ያለ ምግብ ሊያቆዩአት ይፈልጋሉ፣ ጥንቆላዋን እስክታምን ድረስ። ከዚህ በፊት ከአንድ መንደር ማዶ እንዲህ ገብቶ በሬሳ የወጣ ልጅ አውቃለሁ።

ሰውነቷ ምግብ ነው የሚፈልገው! እነሱ ሊያስርቧት!

በሚቀጥለው እሑድ ታታ ካፔንዳ ግቢ ስብሰባ ተጠርቷል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

አስረዳሁ። ቤት ለቤት። ስለ ጓዳው፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ቆራጯ። እሺ መምህር ይሉኛል። ከዚያ «ታዲያ ውሃውን ያመጣችው እሷ አይደለችም?» ይላሉ። ናት። እውነቱ ራሱ እሷን ነው የሚይዛት። ባስረዳሁ ቁጥር ገመዱን አጠብቅባታለሁ።

ማማ ቤያ ብቻ የተለየ ነገር ጠየቀችኝ። ልጄን ማን አሰረው? ሰው ንገረኝ፣ ሥር አትንገረኝ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ?

ሰው ትፈልጋለች… ሰው።

እሑድ፣ ሰኔ 22

አደረግሁት። ልጻፈው።

ሰው ግቢውን ሞልቶ ነበር። ፓስተሩ ከፊት። ምቤምባን ወንድሙ አዝሎታል። ንሶናን እናቷ አዝላ ነው ያመጣቻት፣ ይቺን የሚያህል ልጅ። ፓስተሩ ተናገረ፣ ሌሎች ተናገሩ። ታታ ካፔንዳ ከልጅቷ ወገን የሚናገር አለ ወይ ሲሉ ተነሳሁ።

«ልጅቷን ተዉአት። እኔ ነኝ» አልኩ።

  እህቴ መራራ ገንፎ ሰጥታኝ ከፍቶኝ ነበር፣ ማማ ቤያም ስሜን በወሬ አንስታ አስቀይማኝ ነበር፣ በሁለቱም ልጆች ላይ እግራቸው ይታሰር የሚል ቃል አወጣሁ አልኩ። ሁለቱም እህቶቼ ናቸው፣ ሁለቱም ልጆች በእኔ ቃል ሥር ናቸው። እንዲህ አቀላጥፌ መዋሸት እችል እንደነበር አላውቅም ነበር። ሰዎቹ ራስ መነቅነቅ ጀመሩ። ነገሩ ገባቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ጓዳና ግድግዳ ሳወራ ያልገባቸው ሰዎች በአንድ ጊዜ ገባቸው።

ያ ሉዬዬ ልጇን እንዳዘለች አየችኝ። አልጮኸችም። «አፍህን የያዝኩት ለካ ከዘገየሁ በኋላ ነው» አለች።

ታታ ካፔንዳ ቃልህን አንሳ አሉ። ነጭ የሸክላ ጭቃ ቀረበ። የሁለቱንም ልጆች እግር ቀባሁ፣ ውሃ በአፌ ይዤ እፍ አልኩበት። ንሶና ዓይኔን ትፈልጋለች፣ እኔ እግሯን ብቻ አያለሁ። ሲያልቅ አልተቀመጥኩም። አንድ ነገር ቀረኝ አልኩ።

«ቃሌን ከልጆቹ ላይ አንስቼ ኩሬው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሦስት ሌሊት ሳይሞላ ሥር ከውሃ ያወጣ፣ የፈላ ውሃም ያፈሰሰበት፣ እሱ ነው ቃሌን የሚቀሰቅሰው።»

 ታታ ካፔንዳ ብቻ ሲያዩኝ አየኋቸው። ያ ሐሙስ የነገርኳቸውን አልረሱም። አውቀዋል ብዬ አስባለሁ። ጠጃቸውን አነሱና «ሰምታችኋል» አሉ።

ካሣ ፍየል ተፈረደብኝ። እሰጣለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ኩሬው ይሸታል። ቆሜ እስኪያዞረኝ አሸተትኩት።

ዲዲዬ በግማሽ ጭነት ሄደ። ሲሳደብ ነበር። ነርስ ፊሎሜን ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረችበት። ዱቄቱን በውሃ አርጥበው፣ ጥላ ሥር በምንጣፍ ላይ በስሱ አስጥተው፣ የቀረውን ቆራጯ እንድትጨርሰው መተው፣ ከዚያ ማገንፋት። የአጎትየው ቃል ይሄንንም ይጨምራል ብላ ነገረቻቸው። አደረጉት! ሰኔን ሙሉ ራሱን የሚያዞረው ልጅ ብዛት ነበረው፣ በዚህ ሳምንት አንድም አልመጣላትም። በእውነት የለመንኩት እምቢ ብሎ ያላልኩት ርግማን ሠራ። እናደዳለሁ። ተመስገንም እላለሁ።

እህቴ ቤት ከዚያ እሑድ ወዲህ አልበላሁም። በሩቅ ካየችኝ መንገድ ትቀይራለች።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ደጄ ላይ አመድ ተበትኖ አገኘሁ። በእግር የተረገጠ አይደለም፣ በእጅ የተበተነ፣ ሂድልን ለማለት።

ማማ ቤያ ወሬ ማሳለፉን ጀምራለች፣ ለኔ አይደለም እንጂ። በነርስ ፊሎሜን በኩል ደረሰኝ። ዲዲዬ ሴቶቹን ጠይቋቸዋል አሉ። ሰውዬው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወር ቃሉም አብሮት ይሄዳል ወይ? አንዷ ደግሞ፣ ቢሞትስ ብላለች። ስቀው ነበር አሉ።

በሬን ከውስጥ መቀርቀር ጀመርኩ። ይሄን ስጽፍ አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ትምህርት ከፈትን። ጠመኔ ተላከልን። የተማሪዎቹ ቁጥር ቀንሷል፣ ልጆቻቸውን ከኔ ክፍል ያስወጡ አሉ። የመጡትም ሳልፍ እግራቸውን ወንበር ሥር ይሰበስባሉ።

ምቤምባን ወንድሙ አዝሎት መጣ። ንሶና በሁለት በትር፣ በእግሯ ጣቶች፣ ጉልበቷን እያጋጨች። እናቷ እስከ በሩ አደረሰቻትና ደጅ ቆመች። ሁሉም ያያታል። ወንበሯ ጋ እስክትደርስ ጠበቅሁ። ረጅም ነበር።

ኢንዛይሙን ካቆምንበት ጀመርኩ። በውሃ የምትቆርጠዋ ማን ነበረች ስል ከኋላ «ገዳይ» አሉ። ንሶና ተነስታ፣ በትሯን ተደግፋ፣ በሥራዋ ጥሯት ብለውን አልነበር አለች። «መቁረጥ ነው ሥራዋ። ቆራጭ ይበቃታል። የት እንደምትቆርጥ የምንወስነው እኛ ነን።» ቆራጭ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ታዘዘኝ።

ልጆቹ ሲወጡ ቀረች። በሩ ክፍት ነው፣ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ንሶና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አጎቴ፣ መቼ ነው የረገምከኝ? ያን ሰሞን በየቀኑ አብሬህ ነበርኩ። አልሰማሁም» አለች።

 መልሴን አልጠበቀችም። ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ ለእማዬ እውነቱን ልንገራት፣ አንተ ብቻህን ትበላለህ አለች። 

«ከነገርሻት ርግማን የለም ማለት ነው» አልኳት። «ርግማን ከሌለ ሐሙስ መኪና አለ።»

አሰበች። ስታስብ አውቃታለሁ፣ ግንባሯ በስተቀኝ ብቻ ይኮሳተራል። አንድ ሌሊት። ኩሬው። ታናናሾቿ። ሁሉንም አንድ በአንድ ስታልፍበት አየሁ። ከዚያ በትሮቿን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ዞረች። ፊቷ በእንባ ርሷል። እናቷ እንድትሰማ፣ ከዚያም አልፎ ግቢው እንዲሰማ፣ ጮክ ብላ፣

«መቼም ይቅር አልልህም፣ አጎቴ!» አለችኝ።

ያ ሉዬዬ ትከሻዋን አቅፋ ወሰደቻት። በመስኮት አየኋቸው፣ በኩሬው በኩል ነው የሄዱት። ሴቶቹ ሥር እየዘፈዘፉ ነበር።